የጋሽ ሁሴን ባቄላ

ጋሽ ሁሴን ማረፋቸውን የነገረኝ አንድ ተሸካሚ ነው። የበርበሬ ጆንያ ሱቄ ደጃፍ አወረደና ሳይሄድ ቆመ።

«እትዬ አስካለ፣ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ። «የእህል በረንዳው ጋሽ ሁሴን አረፉ። ዛሬ ንጋት ላይ።»

ይህን ብሎ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ተሸካሚ በሥራ ሰዓት ቁጭ ሲል አይቼ አላውቅም።

ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከቀትር ሶላት በኋላ ኮልፌ ሆነ። ባለቤቴ ታደሰ ሄደ። እኔ ሱቄን ዘግቼ አንዋር መስጊድ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩና ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘሃራ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቤቱ ሴት ሞልቶበታል። አንዷ ከእህቷ እንዳስታረቋት ታወራለች። ሌላዋ ባሏ ታሞ በተኛበት ዓመት እህል ከቤቷ እንዳልጠፋ ትናገራለች። የእኔ ታሪክ በለቅሶ ቤት የሚነገር አይደለም። ሲነገር መጀመሪያ መስማት የሚገባት ደግሞ ሌላ ሰው ነበረች።

ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰው ናቸው። መርካቶ የገቡት በልጅነታቸው ነው። እህል በረንዳ ጆንያ ተሸከሙ፣ ቆይተው ደላላ ሆኑ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን መጋዘን ከፈቱ። ከተሸካሚነት ዘመናቸው የቀራቸው የቀኝ ጉልበት ሕመም ነበር። ሲራመዱ በዚያ በኩል ዘንበል ይላሉ።

እኔ የባልትና ሱቅ አለኝ። ለሽሮ የሚሆነኝን ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ የምገዛው ከእሳቸው ነበር። እህል ሲያዩ መጀመሪያ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ያስገቡና ከሥር ዘግነው ያወጣሉ።

«ከላይ ያለው ለገዢ ዓይን የተዘጋጀ ነው» ይሉኛል። «ገበሬው የላከው ከሥር ነው።»

ከዚያ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ሰበር ያደርጉና አገሯን ይናገራሉ። አንድ ቀን ተሸካሚዎቹ ሊፈትኗቸው የሁለት አገር ባቄላ ቀላቅለው በሳህን አቀረቡላቸው። እሳቸው መዳፋቸው ላይ ለዩትና፣ «ይሄ የአርሲ ነው፣ ይሄ የመንዝ ነው። የቀላቀለው ደግሞ ሥራ ፈት ነው» አሉ። በረንዳው በሳቅ ተሞላ።

ረቡዕና ዓርብ ወደ መጋዘናቸው ስሄድ ሻይ ያዝዙልኛል። አሳላፊውን፣ «ብርጭቆውን ደህና አድርገህ እጠበው፣ ወተት ነክቶት እንዳይሆን። ጾመኛ ናት» ይሉታል። ሳልነግራቸው ነው።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። አሥር ዓመት ሆኖታል። መንገዱ ሰላም የነበረበት ጊዜ ነው።

አንድ ቀን እንዲሁ ስንጫወት፣ «አንቺ» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ባቄላ ስታስፈጪ፣ የባቄላ ማሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት አይቼ? መርካቶ ተወልጄ መርካቶ ያደግኩ ሰው።»

«ታዲያ የማታውቂውን ሰው ልጅ እየዳርሽ ነዋ!»

ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። በቤታችን ደግሞ ያልተፈጸመ ስለት ነበረብን። እኔና ታደሰ ልጅ ሳናገኝ ሰባት ዓመት ቆየን። አማቴ እማማ ደብሪቱ በአገራቸው በመንዝ ላለ አንድ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ተሳሉ፤ ልጅ ከተሰጠን ይዘነው ልንሄድ። ሶስና ተወለደች። ዛሬ ነገ ስንል ስድስት ዓመት ሞላት። ይህን ለጋሽ ሁሴን ብነግራቸው፣ «ሚኒባሷ የእኔ፣ መንገዱም የማውቀው ነው። ስለቱንም አድርሱ፣ እህሉንም፣ ቅቤውንም፣ ማሩንም ከየቤቱ እዩ» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ጾም በሌለበት በሃምሳው ቀን ውስጥ፣ በሁለት መኪና ተነሣን። ከፊት የታደሰ ወንድም ግርማ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና እማማ ደብሪቱን ይዞ ይሄዳል። ከኋላ እኔ፣ ታደሰና ሶስና በጋሽ ሁሴን ሚኒባስ ነን። ሶስና ግን አንድ ቦታ አትረጋም። አንዴ ከአያቷ ጋር፣ አንዴ ከእኛ ጋር ነበረች።

ገና ሳንነሣ ጋሽ ሁሴን ባቄላ የያዘ ጣሳ ይዘው መጡ።

«ይሄ ጉዞ ቅፍለት ነው» አሉ። «ቅፍለት ደግሞ ሕግ አለው። አያቴ በበቅሎ ጨው ሲያመላልሱ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ከመኪና ስትወርዱ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ባቄላ እሰጣለሁ፤ ስትሳፈሩ ትመልሱልኛላችሁ። ካልሞላ አልነሣም።»

«ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ? ቆጠር አድርገውን አይነሡም?» አለ ግርማ።

እማማ ደብሪቱ አማተቡ። «አፍህን ያዝ! ሰው ይቆጠራል? ያውም ልጅ?»

«ሰማህ?» አሉት ጋሽ ሁሴን። «ሰው አይቆጠርም። ባቄላ ግን ይቆጠራል።»

«ጆንያ አደረጉን እኮ ጋሽ ሁሴን!»

«ጆንያማ ብትሆን ዝም ትል ነበር።»

ከእኛ ቤት ልጅ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። እናቴም አትቆጥርም ነበር። ስለዚህ ስምንት ባቄላ ሆነን ከመርካቶ ወጣን።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን መንዝ እንደገባን አንዲት ቅቤ የሚያወጡ አሮጊት ቤት ገባን። ጋሽ ሁሴን ከቅቤው በጥፍራቸው ቆንጥረው አሸተቱ።

«እናቴ፣ ይሄ ቅቤ ስንት ቀኑ ነው?»

«ሦስት ቀኑ።»

አሁንም አሸተቱ። አሁንም። አሮጊቷ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከመርካቶ ድረስ አፍንጫህን ብቻ ይዘህ መጣህ? ኪስህን ለማን አደራ ሰጠኸው?»

ጋሽ ሁሴን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የነበረውን ቅቤ በሙሉ ገዛን። በዚያው መንደር የባቄላ ማሳም አየሁ። ገበሬው ካለፈው ምርት አንድ ጆንያ ሸጠልኝና ሚኒባሱ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጥነው።

በማግሥቱ ከገደል ሥር ባለች ትንሽ ዋሻ አፍ ላይ ቀፎ የደረደረ ንብ አርቢ ጋ ሄድን። ዋሻዋ ንፋስ ስለማይገባባት ንቦቹ እንደማይቆጡ ነገረን። ልጆቹ እንጎቻ በማር እያጠቀሱ በሉ። ልንሳፈር ስንል አንድ ባቄላ ጎደለ። ጋሽ ሁሴን አልነሣም አሉ። ሁላችንም በዓይናቸው ፊት ቆመን ሳለ አልነሣም አሉ። ኪስ ተፈተሸ፣ ሣር ተገለጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈለግን በኋላ የግርማ ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ።

«በላኋት» አለ።

«ጥሬዋን?» አሉ ጋሽ ሁሴን።

«አዎ።»

«ጎበዝ። ጥርስህ ለእህል በረንዳ ይሆናል።» ሌላ ባቄላ ከኪሳቸው አውጥተው ጣሳው ውስጥ ጣሉና ሞተሩን አስነሡ።

ግርማ ግን ተናደደ። «በአንድ ፍሬ ባቄላ ግማሽ ቀናችን ሄደ!» እያለ ሲነጫነጭ ዋለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን ወረድን። መንገዱ አንድ ደረቅ የወንዝ አሸዋ ያቋርጣል። ተሻግረን መኪኖቹን ከዳገቱ ሥር አቆምንና ዳገቱን በእግር ወጣን። ጋሽ ሁሴን ባቄላችንን አድለው ከመኪኖቹ ጋር ቀሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻው ውስጥ ነው። ከኋላው ዋሻው ወደ ጨለማ ይዘልቃል። እዚያ ጠበል ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፤ ታመው የመጡ ሰዎች የሚተኙበት ሰሌንም ተነጥፏል። ያን ቀን ሕመምተኛ አልነበረም። ቄሱ በሶስና ራስ ላይ መስቀል አሳርፈው ጸለዩላት፣ ጠበል ረጯት። እማማ ደብሪቱ ይዘው የመጡትን ጃንጥላና ጧፍ አስረክበው መሬቱን ሳሙ። እኔም ሳምኩ። አሥራ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ የወረደ መሰለኝ።

በዚያ መሐል ቄሱ ወደ ውጭ ተመለከቱ።

«ደጋው ላይ ዝናብ ጥሏል» አሉ። «ቶሎ ውረዱ። ወንዙ ከሞላ እስከ ነገም አያሳልፋችሁም።»

ሁሉም ተጣደፈ። ሁላችንም ነጭ ለብሰናል፤ ልጆቹም ነጠላ ተከናንበዋል። እማማ ደብሪቱ ከፊቴ የአንዲት ልጅ እጅ ይዘው ሲወርዱ አየሁ። ሶስናን ይዘዋል ብዬ ተረጋጋሁ። የያዙት ግን የግርማን ሴት ልጅ ነበር። እሳቸውም ሶስና ከእኔ ጋር መስላቸዋለች።

ስንደርስ ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። ግርማ የእነሱን ባቄላ ሰብስቦ ለጋሽ ሁሴን ሰጠና መኪናውን ወደ ወንዙ አፋፍ ነዳ። እኔና ታደሰም ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን የያዝነውን ሰጠን።

«አንድ ይጎድላል» አሉ ጋሽ ሁሴን።

«ያ ልጅ ነዋ!» አለ ታደሰ። «ዛሬም ውጦታል።»

«ሶስናስ?»

«ከአያቷ ጋር ናት» አልኩ።

«እንግዲያ ባቄላዋ ትምጣ።»

ግርማ ከወዲያ ጥሩምባ ይነፋል። ሰማዩ ጠቁሯል። ትናንት በንቦቹ ዘንድ የቆምነው ግማሽ ሰዓት ትዝ አለኝ። እጄን ወደ እግሬ ሰደድኩ። ከጆንያዬ አንዲት ባቄላ አወጣሁ።

«ይኸው» አልኩ። «መቀመጫው ሥር ወድቃ አገኘኋት።»

ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለቷን አድርሼ፣ መሬት ስሜ፣ ገና ከቤተ እግዚአብሔር ወርጄ።

ጋሽ ሁሴን ተቀብለው ጣሳው ውስጥ ጨመሯት። ሞተሩን አስነሡ። ጥቂት እንደሄድን መኪናው ቆመ። ጣሳውን አንሥተው አንዷን ባቄላ አወጡ፤ በፊት ጥርሳቸው ሰበር አደረጉ።

«የእኔ የአርሲ ነው» አሉ ቀስ ብለው ለራሳቸው። «ይቺ የመንዝ ናት።»

በመስተዋቱ አዩኝ።

«አስካለ፣ ሶስናን በዓይንሽ አይተሻታል?»

አዎ ማለት አቃተኝ። እሳቸው በሩን ከፍተው ወርደዋል። ታደሰ ወደ ግርማ መኪና ሮጠ። የእማማ ደብሪቱ ጩኸት ሲሰማ ጋሽ ሁሴን ዳገቱን ጀምረዋል። እኔ ተከተልኳቸው። ያ ጉልበታቸው የት እንደሄደ አላውቅም። ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ አልደረስኩባቸውም። ዝናቡ በረታ። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ነጠላዬ የትኛው ቁጥቋጦ ላይ እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሥር የወንዙ ድምፅ ይመጣል። በልቤ የነበረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እመቤቴ፣ እመቤቴ።

ቄሱ ወደ ጎጆአቸው ሄደዋል። ጋሽ ሁሴን የዋሻው ደጃፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም ሰው በሌለበት፣ «ይቅር በሉኝ፣ ለልጅ ነው» ብለው ሲገቡ ከኋላ ሰማኋቸው። እኔ ደጃፉ ጋ ደረስኩ። ተደፋሁ። መግባት አልቻልኩም። እዚያ ውስጥ ባትኖርስ? ያ ገደል? ያ ወንዝ?

«ሶስና!» ሲሉ ሰማሁ። «ሶስናዬ! የኔ እናት!»

ዋሻው ድምፃቸውን መለሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ የማውቀው እኔና ፈጣሪዬ ነን።

ከዚያ የእግራቸው ኮቴ ተሰማ። ታቅፈዋት ወጡ። ዓይኗን እያሸች ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ሰሌኑ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነው። ቀኝ እጇ ጭብጥ ብሏል። ስከፍተው ባቄላዋ አለች።

ጋሽ ሁሴን ልጄን ሰጡኝና ጉልበታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ነይ እንውረድ» አሉኝ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ለማልቀስ ማዶው ይሻላል።»

ስንሻገር ውኃው የጎማውን ግማሽ ይዞ ነበር። ከተሻገርን በኋላ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ወንዙ ዛፍ ነቅሎ ሲያልፍ አየን። እማማ ደብሪቱ ሶስናን ከእቅፋቸው አላወርድ አሉ። ታደሰ የጋሽ ሁሴንን ትከሻ ስሞ፣ «ግን እንዴት አወቁ?» አላቸው።

«አንዲት ባቄላ ጎደለችብኝ» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ታደሰ መኪና ውስጥ አገኘኋት ያልኩትን ሰምቷል። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ግን ከልቡ ወጥቷል፤ ጋሽ ሁሴንም አላስታወሱትም። ግርማ አንገቱን ደፍቶ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። እስከ መርካቶ ድረስ ባቄላ ሰብሳቢው እሱ ሆነ።

ማታ ከማደሪያችን ደጃፍ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«ጋሽ ሁሴን፣ ያቺን ባቄላ እኔ…»

«አንቺ» አሉኝ፣ «ጆንያ ሲቀደድ ተሸካሚ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል?»

«እጁን ቀዳዳው ላይ ያደርጋል። ማን ቀደደው የሚለው በኋላ ነው።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ እህሉ ተርፏል። ማን ይጠይቃል?» ብለው ለሶላታቸው ሊታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተገናኘን። አንድ ቀን በዓይናቸው እንኳ አላነሡብኝም። ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በመጋዘናቸው ደጅ ካለፈች፣ «ቅፍለቱ ደህና ነው?» ይሏታል። እሷም፣ «ሙሉ ነው ጋሽ ሁሴን» ትላለች።

እኔ ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ቀኖናዬን ፈጸምኩ። የንስሐ አባቴ ግን፣ «ልጅቷ ነፍስ ስታውቅ ንገሪያት፤ ከሌላ አፍ እንዳትሰማው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኳትም። ከንስሐ አባቴ ሌላ የሚያውቁት ጋሽ ሁሴን ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ አይናገሩም። በእሳቸው ዝምታ ተደበቅሁ።

ከለቅሶው ስመለስ ሶስና ብቻዋን ቤት ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዛሬ ካለፈ መቼም እንደማልችል ገባኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ሳላቋርጥ ነገርኳት። ጆንያውን፣ ባቄላዋን፣ መቀመጫው ሥር አገኘኋት ያልኩትን። «ትተሽኝ ሄደሽ ነበር» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እውነትም ነው።

ሶስና እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ግን እኮ እማዬ» አለችኝ፣ «እሳቸው እንዲህ አይደለም የነገሩኝ።»

«ማን?»

«ጋሽ ሁሴን። ዋሻው ውስጥ ሲቀሰቅሱኝ ፈርቼ ነበር፤ ሁሉም ሄዷል። ‹ትተውኝ ሄዱ?› አልኳቸው። ‹ኧረ እናትሽ ናት የላከችኝ፤ ደጃፉ ላይ እየጠበቀችሽ ነው› አሉኝ።»

እጄን ያዘች።

«ስንወጣም ደጃፉ ላይ ነበርሽ።»

አዎ። ነበርኩ። እግዚአብሔር ይመስገን።